ከጎንደር ወደ አዋሽ ፓርክ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ስልኬ ላይ ያለውን የሳላ (ረጅም ቀንድ ያለው የቆላ እንስሳ) ፎቶ ያየ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። ሥራ ቦታ፣ ቡና ላይ፣ ሠርግ ቤት ሳይቀር። "ይሄ የት ነው? ኬንያ ነው?" አይደለም። አዋሽ ነው፤ እዚሁ አገራችን። እኛ ጎንደሮች የዱር እንስሳ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ስሜን ነው፤ ዋልያና ጭላዳ፣ ብርድና ገደል። ቆላው ግን ሌላ ዓለም ነው። ሦስት ጊዜ ሄጄበታለሁ። የመጀመሪያው ጉዞ አልተሳካም፤ ሁለቱ ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፉም። ስለዚህ በየጊዜው የምትጠይቁኝን ሰብስቤ እዚህ መልሼላችኋለሁ።

አዋሽ ፓርክ በትክክል የት ነው?

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ፣ ወደ ጅቡቲና ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 225 ኪሎሜትር ገደማ። መተሐራን አልፋችሁ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሳትደርሱ መሃል ላይ ታገኙታላችሁ። አስፋልቱ ፓርኩን ለሁለት ይከፍለዋል። በስተደቡብ ኢላላ ሳላ የሚባለው ሰፊ የሣር ሜዳ አለ፤ ሜዳው ሄዶ ሄዶ አዋሽ ወንዝ ገደል ላይ ያበቃል። በስተሰሜን ደግሞ ፈንታሌ ቆሟል። ፈንታሌ እሳተ ገሞራ ነው፤ ጫፉ 2,007 ሜትር ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጎንደር ከተማ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ትበልጣለች። እዚያ አንጋጣችሁ የምታዩት የተራራ ጫፍ ከቤታችን ደጃፍ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ሜዳው ደግሞ ከዚያም 1,000 ሜትር ያህል ይወርዳል። ቆላ ሲባል ምን ያህል ቆላ እንደሆነ ከዚህ ገምቱ።

ፓርኩ የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ በ1961 ዓ.ም. በሕግ ጸደቀ። ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎሜትር ነው።

ስሜንን ያየ ሰው እዚያ ምን አዲስ ነገር ያያል?

ሳላን። ለእኔ አዋሽ ማለት ሳላ ነው። ገላው ግራጫ ነው፣ ፊቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ጭምብል ያጠለቀ ይመስላል፣ ከራሱ ላይ ደግሞ ሁለት ረጃጅም ቀንዶች ቀጥ ብለው ወጥተዋል። ወንዱም ሴቷም ቀንዳሞች ናቸው። በጎን ሲቆም ሁለቱ ቀንዶች ተደራርበው አንድ ይመስላሉ፤ ባለ አንድ ቀንዱ የተረት ፈረስ ከዚህ ነው የመጣ የሚሉ አሉ፣ አይቼው አልፈረድኩባቸውም።

የሚገርመው ግን መልኩ ብቻ አይደለም። በዚያ ሙቀት የሚኖርበት ዘዴው ነው። ማላብ ማለት ውሃ መጨረስ ነው፣ ውሃ ደግሞ የለም። ስለዚህ ሳላ ቶሎ አያልበውም፤ የገላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ እስኪወጣ ዝም ብሎ ይችለዋል። እኛ በዚህ ትኩሳት አልጋ ይዘን ጎረቤት ይጠይቀናል። እሱ አንጎሉን የሚያድነው እንዲህ ነው፦ ወደ አንጎሉ የሚወጣው ትኩስ ደም፣ አፍንጫው ውስጥ በትንፋሹ ከቀዘቀዘው ደም ጋር በቀጫጭን ሥሮች ተጠጋግቶ ያልፋል፤ ሲተላለፉ ይበርዳል። ደግሞም ሌሊት ይግጣል። ቀን ሲነኩት የሚሰባበረው ደረቅ ሣር ሌሊት ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ሳላም መጠጡን ከምግቡ ያገኛል። ለብዙ ቀን ወንዝ ሳይወርድ የሚቆየው በዚህ ነው።

በሁለተኛው ጉዞዬ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳው ዳር መኪናውን አጥፍተን ተቀመጥን። ማንም አያወራም። ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ሣሩን ወርቅማ አድርጋዋለች። ዘጠኝ ሳላዎች ከግራር ጥላ ወጥተው ወደ እኛ ቀስ እያሉ መጡ። አንዷ በጣም ቀረበች፤ ሣሩን ስትነጭ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ መኪና ውስጥ ይሰማ ነበር። ግራ ጆሮዋ ጫፉ ተቀዷል። ዝንብ ስታባርር ጆሮዋን ታማታለች፣ ቀና ትላለች፣ ታየናለች፣ መልሳ ትግጣለች። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲሁ ቆየን። ያ ነው ፎቶው።

ከሳላ ሌላ የሜዳ ፍየል በመንጋ ታያላችሁ፤ ከኋላው ነጭ ስለሆነ ሲሮጥ ከሩቅ ያበራል። ከርከሮ ጅራቱን እንደ አንቴና አቁሞ ይሮጣል። ቁጥቋጦ በበዛበት በኩል አጋዘንና ከእሱ አነስ የሚለው አምባራይሌ አሉ፣ ግን ዓይን አፋር ናቸው። እንሹን በደንብ ፈልጉ። ከጥንቸል ብዙም የማይበልጥ ሚዳቋ መሳይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቁጥቋጦ ሥር ይቆማሉ። አንድ እንሹ ደረቅ እንጨት ጫፍ ላይ የዓይኑን ጥግ ቀስ አድርጎ ሲያስነካ አይቻለሁ። ሲሄድ ጫፉ ላይ እንደ ሬንጅ ጥቁር ጠብታ ቀርቷል። ድንበሩን የሚያሰምረው በዚያ ነው።

ወፍ የሚወድ ሰው ካለ ከ450 በላይ ዓይነት ተመዝግቧል። እኔ ወፍ ባላውቅም ቀያዮቹን ንብ በሎች አልረሳቸውም።

ዝንጀሮውስ? እኛ ጭላዳ ጠግበናል።

አትጠግቡም፤ ይኼኛው ሌላ ነው። አዋሽ ላይ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮ አለ። አንዱ ቡናማው የተለመደው ነው። ሌላው ሀማድርያስ ይባላል፤ ወንዱ በትከሻው ላይ ብርማ ነጭ ፀጉር ይደርባል፣ ነጠላ የለበሰ ሽማግሌ ይመስላል። ቡናማው ከአዋሽ ወንዝ ፏፏቴ በላይ፣ ሀማድርያስ ከፏፏቴው በታች ባለው ገደል በኩል ይኖራሉ፤ መሃል ላይ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ይዋለዳሉ። ከሁለቱ የተወለዱ ድቅሎች ስላሉ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ሲያጠኗቸው ኖረዋል። ስካውቱን (አብሯችሁ የሚዞረውን የፓርኩን ጠባቂ) ጠይቁት፣ ድቅሉን በጣቱ ያሳያችኋል።

እባካችሁ አትመግቧቸው። ሙዝ የለመደ ዝንጀሮ በቀጣዩ ቀን የመኪና መስኮት ይገባል፤ መጨረሻው ለእሱ ጥሩ አይሆንም።

አንበሳ እናያለን?

አብዛኛው ሰው አያይም። አንበሳ አለ፣ ነብርም አቦሸማኔም አለ፣ ግን ጥቂት ናቸው፣ የሚንቀሳቀሱትም ሌሊት ነው። እኔ በሦስት ጉዞ አንድም አላየሁም። ድምፁን ግን አንድ ሌሊት ሰምቻለሁ፤ ከሩቅ ነው፣ ሆኖም ደረት ውስጥ ይገባል። ጅብ ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል፣ እሱን ጎንደርም እናውቀዋለን።

በቴሌቪዥን የምናየው የናሚቢያ ኤቶሻ ፓርክ 22,000 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ነው፤ በበጋ እንስሳው ሁሉ ጥቂት የውሃ ጉድጓዶች ላይ ስለሚሰበሰብ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይበቃል። አዋሽ ከዚያ ወደ ሠላሳ እጅ ያንሳል፤ በዚያ ላይ ከብት ይገባበታል፣ ከባድ መኪና መሃሉን ያቋርጠዋል። እንዲህም ሆኖ ሳላ እዚያ መኖሩ ነው ተአምሩ። አንበሳ ብቻ ልታዩ ከሆነ የምትሄዱት ቅር ይላችኋል። ለሳላ ከሄዳችሁ ትረካላችሁ።

"ሄደን ምንም አላየንም" የሚሉ ሰዎች አሉ። ለምን?

አምናቸዋለሁ፣ እኔም ደርሶብኛል። የመጀመሪያው ጉዞ ላይ መኪና ያከራየን ሰው ከጠዋቱ 11 ሰዓት እመጣለሁ ብሎ 2 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። የመጣውም ከአዳማ ነው። ፓርኩ በር ስንደርስ 5 ሰዓት አልፏል። ሜዳው ባዶ ነው። ሙቀቱ ከመሬት ይነሣና ሩቁን ያርገበግበዋል፣ ውሃ ያለ ያስመስላል። እናቴ አብራኝ ነበረች፤ "ልጄ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣነው ለእሾህ ነው?" አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

አሁን ግን መልሱን አውቀዋለሁ። ደረቅ አገር ላይ እንስሳው የሚደበቀው ከሙቀቱ ሰዓት ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ሁሉም ጥላ ሥር ይገባል፣ ይተኛል፣ ቀለሙ ከአፈሩ ጋር ይመሳሰላል። ሃምሳ ሜትር ላይ ቢሆንም አታዩትም። ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከ10 ሰዓት እስከ ማታ 12፤ ያ ነው የእሱ ሰዓት። መሃሉን ተኙበት፣ ብሉበት፣ አንብቡበት።

ሁለተኛው ጥፋት ፍጥነት ነው። በሰዓት 40 የሚነዳ ሰው አቧራውን ነው የሚያየው። 15 ላይ ንዱ። ግራር ባያችሁ ቁጥር ቁሙና ሥሩን እዩ። ሞተር አጥፉ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ላይ ምንም የለም፤ ከዚያ አንድ ጆሮ ይንቀሳቀሳል፣ ያኔ እዚያው ጥላ ሥር አምስት ነገር እንደነበር ይገባችኋል።

መቼ ብንሄድ ይሻላል?

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ። ክረምቱ ወጥቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ቀኑ ይሞቃል ግን ይቻላል፣ ሌሊቱ እንዲያውም ጋቢ ያስፈልገዋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ አትሞክሩት፤ ቀትር ላይ 40 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ዋናው ዝናብ ስለሆነ ጭቃው መኪና ይይዛል፤ የካቲት መጨረሻና መጋቢት ላይ ደግሞ ትንሽ ዝናብ ትመጣለች።

ለእኛ አንድ ችግር አለ፤ ጥር 11። በጥምቀት ሰሞን ወደ ጎንደር የሚመጣው ሰው ብዙ ስለሆነ የአውሮፕላን ቲኬት አይገኝም፣ ቢገኝም ይወደዳል። ደግሞስ ጥምቀትን ትቶ ማን ይሄዳል? ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ሂዱ። እኔ የምመርጠው የኅዳር መጨረሻን ነው፤ ሣሩ ገና አላለቀም፣ እንስሳውም ሜዳ ላይ ነው።

ከጎንደር እንዴት ይኬዳል?

በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ በመኪና። ከአፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና ልሂድ ለሚል ከ700 ኪሎሜትር በላይ ነው፤ ርቀቱ ብቻ ሳይሆን የመንገዱ ሰላም ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሄደ ሰው ሳትጠይቁ አትነሡ። እኔ በአየር ነው የምመክረው።

ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ የፍጥነት መንገዱ አለ። ከአዳማ በኋላ የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች የሚመላለሱበት መስመር ስለሆነ አሽከርካሪው ንቁ መሆን አለበት። ማታ አትንዱበት፤ ግመልና ከብት አስፋልት ላይ ይቆማል። የሚሻለው የመጀመሪያውን ቀን መተሐራ ወይም አዋሽ ሰባት ኪሎ ገብቶ ማደር ነው። በማግሥቱ በንጋት በሩ ላይ ትገኛላችሁ። ከአዲስ አበባ ጠዋት ተነሥቶ በዚያው ቀን ለማየት መሞከር የእኔን የመጀመሪያ ጉዞ መድገም ነው።

መተሐራ ጋ በሰቃ ሐይቅን ታያላችሁ፤ ዳሩ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ትኩር ብላችሁ እዩት። በ1950ዎቹ ወደ 3 ካሬ ኪሎሜትር ብቻ ነበር፣ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። መንገዱም ሐዲዱም ከሱ ሽሽት ከፍ እንዲል ተደርጓል። ዙሪያው ሁሉ ውሃ በሚናፍቅበት አገር ሐይቅ ሲያድግ ማየት እንግዳ ነገር ነው፤ ውሃው ግን ጨዋማ ስለሆነ ለመጠጥም ለእርሻም አይሆንም።

የራሳችንን መኪና ማስገባት እንችላለን? ስካውት ግዴታ ነው?

ትችላላችሁ። ከፍ ያለ መኪና ይሁን፤ ቪትዝ ይዞ መግባት አይመከርም። በሩ ላይ የመግቢያና የመኪና ትከፍላላችሁ። ዋጋው ስለሚቀያየር ቁጥር አልጽፍም፤ ለአገር ሰው ከውጭ እንግዳ በጣም ያነሰ ነው፣ ስለዚህ መታወቂያ ያዙ።

ስካውት ውሰዱ። ግዴታ ነው አይደለም የሚለውን ተዉትና ውሰዱ። ትናንት ማታ ሳላው የት እንደዋለ የሚያውቀው እሱ ነው። ከመኪና መውረድ የሚቻለው የት እንደሆነም እሱ ይነግራችኋል። ስሜን ላይ በእግር መሄድ ለምደናል፣ ጭላዳ መሃል ቁጭ እንላለን። እዚህ አይደረግም። ሳላ በመኪና አይደነግጥም፣ ሰው በእግሩ ሲወርድ ግን መንጋው በሙሉ ተነሥቶ ይሮጣል፤ በዚያ ሙቀት አንድ ሩጫ ስንት ውሃ እንደሚያስከፍለው አስቡት። "ትንሽ አባርረውና ቪዲዮ ልቅረጽ" ያለውን ልጅ የእኛ ስካውት በአንድ ቃል ነው ያስቆመው። ደስ ብሎኛል።

ጎማ ራሳችሁ እዩ። ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ የመፍቻ ቁልፍ። የግራር እሾህ ቀልድ አያውቅም።

ምን ይዘን እንሂድ?

ውሃ። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ቁጠሩ፤ ለመኪናው ደግሞ ለብቻ ጀሪካን። የጠማው ሰው ብቻ ይጠጣል ብላችሁ አታስቡ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ጉንጭ ጉንጭ ማለት ነው። ደጋ ያደገ ሰው ላቡ ወዲያው ስለሚደርቅ እያላበው መሆኑን አያውቅም። ራስ ምታት ሲጀምር ያኔ ዘግይቷል።

ምግብ ከቤት ያዙ። ጭኮ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፤ እነዚህ በሙቀት አይበላሹም፣ እንዲያውም አያቶቻችን ለመንገድ የሠሯቸው ናቸው። በሶ በውሃ በጥብጣችሁ ትንሽ ጨው ጣል አድርጋችሁ ብትጠጡ ከየትኛውም የታሸገ መጠጥ ይሻላል፤ በላብ የሄደውን ጨው ይመልሳል። የረቡዕና የዓርብ ጾም ከሆነ ደግሞ መተሐራ ላይ በያይነቱ ታገኛላችሁ። ጥብስና ሥጋ ወጥ ይዞ መሄድ አይሆንም፣ እስከ ቀትር ይበላሻል።

ልብስ ሰፋ ያለ፣ ክንዱ ረጅም፣ ቀለሙ የአፈር ቢሆን። ደማቅ ቀይና ነጭ ከሩቅ ይታያል። ባርኔጣ። እናቴ በሦስተኛው ጉዞ ነጠላዋን ውሃ ነክራ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው፤ ከሁላችንም ደህና የዋለች እሷ ናት። ጋቢ ለሌሊቱና ለንጋቱ። የስልክ ባትሪ በሙቀት ቶሎ ስለሚያልቅ ፓወር ባንክ። ባይኖኩላር ካገኛችሁ ተዋሱ፤ ከካሜራ ይበልጥ ይጠቅማል። ደረቅ ጨርቅም ያዙ፣ አቧራው የማይገባበት ቦታ የለም።

የያዛችሁትን ፌስታልና ጠርሙስ ይዛችሁ ተመለሱ። አንድ ሰጎን ወይም አንድ ግመል ፌስታል ሲውጥ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው መስኮት ከፍቶ የሚወረውር።

ልጆችና አዛውንቶች ይችሉታል? ወባስ?

ይችላሉ፣ ቀትር ላይ ጥላ ካገኙ። የልብ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ቆላ እንደሚወርድ ለሐኪሙ ይንገር። ሕፃን ልጅ ግን ጥርና ታኅሣሥ ላይ ካልሆነ አልመክርም።

ወባ አለ። ቆላ ነው፣ ወንዝ አለው፤ መተማ የሠራ ዘመድ ካላችሁ ይነግራችኋል። አጎበር ያለበት ማደሪያ ምረጡ፣ ማታ ማታ እጅና እግራችሁን ሸፍኑ፣ መከላከያ መድኃኒት ስለመውሰድ ከመሄዳችሁ በፊት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ከተመለሳችሁ በኋላ በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ሐኪም ቤት ሄዳችሁ "አዋሽ ነበርኩ" በሉ። ጎንደር ላይ ሆኖ ሐኪሙ ካልነገራችሁት ከየት ያውቃል?

ፏፏቴውና ፍል ውሃው መታየት አለባቸው?

ፏፏቴው አዎ። ከጢስ ዓባይ ጋር አታወዳድሩት፣ ከፍታው ትንሽ ነው። ነገር ግን ያንን ሁሉ ደረቅ ሜዳ አልፋችሁ ስትመጡ ድንገት ቡናማ ውሃ እየተንደረደረ ገደል ውስጥ ሲገባ ያስደነግጣል። ከሥሩ አዞዎች ድንጋይ ላይ ተዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ወደ ውሃው አትውረዱ። ይህ ወንዝ ከእኛ ዓባይ በተቃራኒ ከአገር ወጥቶ ባሕር አይደርስም፤ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎሜትር ያህል ሄዶ አፋር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። አጠገቡ ሎጅ አለ፤ ቀትሩን እዚያ ጥላ ሥር ቡና እየጠጡ ማሳለፍ ይቻላል።

ፍል ውሃው በሰሜኑ በኩል ነው፣ ዘንባባ የከበበው ሰማያዊ ጥርት ያለ ውሃ። መንገዱ ግን ረጅምና አስቸጋሪ ስለሆነ ግማሽ ቀን ይበላል። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ተዉት።

የሜዳ አህያ አዋሽ ላይ አለ?

ለሱ አላይደጌ ሜዳ ነው የሚኬደው፤ ከአዋሽ በስተሰሜን ምሥራቅ ነው። እዚያ የሚገኘው ግሬቪ የሚባለው ዓይነት ነው። መስመሩ ቀጫጭን፣ ጆሮው ትልቅና ክብ፣ ሆዱ ነጭ። በዓለም ላይ በዱር የቀረው ኬንያና ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ስሙ ራሱ ከእኛ ጋር ታሪክ አለው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ አንዱን ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ በስጦታ ላኩለት፣ በ1882 እ.ኤ.አ. አንድ የፓሪስ ሊቅ አዲስ ዓይነት መሆኑን አይቶ በፕሬዚዳንቱ ስም ጠራው። እኔ "የምኒልክ የሜዳ አህያ" ቢባል ደስ ይለኝ ነበር።

ገረኑክም እዚያ አለ፤ በሁለት እግሩ ቆሞ ከግራር ቅጠል የሚቀጥፍ ረጅም አንገት ሚዳቋ ነው። ሰጎንም አለ። ሜዳውን ግን ፕሮሶፒስ የሚባል ከውጭ የመጣ እሾሃማ ዛፍ እየወረረው ነው። የበቀለበት ቦታ ሣር ስለማያስተርፍ፣ የሜዳ አህያውም የአርብቶ አደሩም ከብት አብረው ይራባሉ። ይህን ሳይ በጣም ነው ያዘንኩት። ወደ አላይደጌ የአካባቢውን ሰው ሳትይዙ አትሂዱ።

የመሬት መንቀጥቀጡስ?

በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን በሚባሉት ተራሮች አካባቢ ለወራት መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ። ስምጥ ሸለቆ ስለሆነ ከሥር ቅልጥ አለት ይንቀሳቀሳል። ከመሄዳችሁ በፊት ወቅታዊውን ሁኔታ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ ጠይቁ። ፈንታሌን እንውጣ የሚል ካለ ያለ አካባቢው ሰው ፈቃድና መሪ አይሆንም።

በዙሪያው የሚኖሩትን ሰዎች ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

ጠይቃችሁ። በደቡብና በምዕራብ በኩል ከረዩዎች፣ በሰሜንና በምሥራቅ አፋሮች አሉ፤ አርጎባና ኢቱም አሉ። ፓርኩ ሲከለል የከረዩ የግጦሽ መሬት ነው የተከለለው። ከብት ፓርክ ውስጥ ስታዩ "ለምን ይገባል" ከማለታችሁ በፊት ይህን እወቁ። ድርቅ ሲመጣ ሌላ የት ይሂዱ? መጀመሪያ ሰላምታ ስጡ፣ ሻይ ካለ አብራችሁ ጠጡ። እኛ ጋ እንግዳ መጥቶ ሳይጠይቅ እናታችን ፊት ላይ ካሜራ ቢደቅን ምን እንደሚሰማን ታውቃላችሁ።

አላጥሽ እዚሁ ቅርባችን አይደል? ለምን አዋሽ?

ልክ ናችሁ። አላጥሽ የእኛው ቆላ ነው፤ ቋራ፣ የአፄ ቴዎድሮስ አገር። በ1998 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፣ ስፋቱ ከአዋሽ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይያያዛል። በ2008 ዓ.ም. አጥኚዎች ካሜራ ተክለው አንበሳ ቀርጸውበታል፤ ያን ዜና የሰማሁ ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን ለጎብኚ የተሰናዳ መንገድና ማደሪያ የለውም፣ የጸጥታው ነገርም ገና ነው። ሰላም ሲሆን መጀመሪያ የምሄደው እዚያ ነው። እስከዚያ ቆላ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚታይ አዋሽ ላይ መማር ይቻላል።

ስንት ቀን ይበቃል?

ሁለት ሌሊት። አንድ ማታ፣ አንድ ሙሉ ቀን፣ አንድ ጠዋት። ስለዚህ ከጎንደር ወጥቶ መመለሱን ጨምሮ አራት ወይም አምስት ቀን ያዙ። አላይደጌን ከጨመራችሁ አንድ ሌሊት ጨምሩ። የመጨረሻውን ጠዋት ለሻንጣ አታውሉት፤ ማታውኑ ሸክፋችሁ 12 ሰዓት ሜዳው ዳር ቁሙ። የተቀደደች ጆሮ ያላት ሳላ ካጋጠመቻችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ።